አይሪሽ ዎልፍሀውንድ ምንድን ነው?

አይሪሽ ዎልፍሀውንድ በአየርላንድ ተኩላና ሌሎች ትልልቅ አውሬዎች ይታደኑበት የነበረ የውሻ ዝርያ ነው። በቁመት የሚስተካከለው ዝርያ እምብዛም አይገኝም። በአሜሪካ የዝርያው መለኪያ መሠረት የአዋቂ ወንድ ቁመት እስከ ትከሻው ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ54 ኪሎ ግራም የማያንስ መሆን አለበት። በኋላ እግሮቹ ሲቆም ረጅም የሚባለውን ሰው ይበልጣል።

ተኩላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ከአየርላንድ ሲጠፋ ይህም ውሻ ሥራ ፈትቶ ዘሩ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ካፒቴን ጆርጅ ኦገስተስ ግራሃም የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1862 ጀምሮ የተረፉትን እያሰባሰቡ፣ ከስኮትላንዱ ዲርሀውንድና ከግሬት ዴን ጋር እያዳቀሉ ለዛሬ አበቁት።

ግዝፈቱን አይቶ ለግቢ ጥበቃ የሚመኘው ሰው ግን ይሳሳታል። ዎልፍሀውንድ እንግዳን ብዙውን ጊዜ ጅራቱን እየቆላ ነው የሚቀበለው። ከቤተሰቡ ተነጥሎ በሰንሰለት ሲታሰር ይከፋዋል፣ ቁጣና ዱላም ያሸማቅቁታል። እንዲህ ያለውን ውሻ በር ላይ አስሮ ማሳደር በደል ነው። የአደን ደመ ነፍሱ ግን አብሮት አለ። በዓይኑ የሚያድን በመሆኑ የምትሮጥ ድመት ካየ የባለቤቱን ጥሪ ከቁም ነገር አይቆጥርም፤ ስለዚህ በደንብ ባልታጠረ ቦታ አይለቀቅም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው የመጀመሪያው ዓመት ነው። ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ገደማ የነበረው ቡችላ ዓመት ሳይሞላው 45 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። አጥንቱና መገጣጠሚያው በዚህ ፍጥነት ሲያድጉ ከመጠን በላይ መመገብ፣ ረጅም ሩጫና ደረጃ መውጣት መውረድ ይጎዱታል። አጥንቱ እንዲጠነክር ብለው ካልሲየም የሚጨምሩለትም አጥንቱን ያጣምሙታል። ለግዙፍ ዝርያ ቡችላ የተመጠነ ምግብና እንደ ልቡ የሚጫወትበት ሣር ይበቁታል።

ካደገ በኋላ የሚያስፈራው የጨጓራ መጠምዘዝ ነው። ሆዱ ይነፋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሊያስመልስ ይታገላል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ይህ ከታየ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ይሞታል። ምግቡን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠትና በልቶ ወዲያው እንዳይሮጥ ማድረግ ይመከራል።

ዕድሜው አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። ከሚገድሉት በሽታዎች ዋናዎቹ የልብ ጡንቻ መድከምና የአጥንት ካንሰር ናቸው። ልቡ በየዓመቱ ሊመረመር ይገባል። ያለ ምክንያት ማንከስ ከጀመረም ወለምታ ነው ብሎ ከማሸት በፊት ራጅ ማስነሣት ያስፈልጋል።