ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ

በሐዋሳ፣ እኛ ሰፈር ባለ አንድ መዋለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ተረትና ምሳሌ እንዲሥል የተቀጠረ ወጣት «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ ጅቡን ጋቢ አልብሶና ከዘራ አስይዞ ባለ አበባ ምንጣፍ ላይ ጉብ አደረገው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚያያቸውን አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ቁርጥ አድርጎ የሚሥል እጅ ስላለው ጅቡም አምሮበት ነበር፤ አባባሉን የገደለው ምንጣፉ ነው።

ቁርበት ማለት ከታረደ ከብት ተገፎ፣ መሬት ላይ በችካል ተወጥሮ የደረቀ፣ ፀጉሩ ያልተፋቀ ቆዳ ነው። እንደ ጀንዲ ስላልለፋ ሲዘረጉት ይንኮሻኮሻል። በገጠር ቤት «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ለቆመ መንገደኛ መደቡ ላይ የሚነጠፍለት እሱ ነው። ለጅብ ግን ይኸው መኝታ እራቱ ነው፤ አጥንት ቆርጥሞ ከመፍጨቱ የተነሣ ዓይነ ምድሩ የሚነጣ እንስሳ፣ ደረቅ ቆዳ አግኝቶ ሌሊቱን ተኝቶበት ያነጋል ብሎ የሚያምን የለም። ስለዚህ በሚያውቁት አገር ቢጠይቅ የሚጠብቀው ዱላ ነው። በማያውቁት አገር ግን የሚበላውን ነገር በእንግዳ ወግ፣ እንደ ክብር አድርጎ ያስነጥፋል።

አባባሉ የሚነገረው አመሉ ወይም ያለፈ ሥራው በማይታወቅበት ቦታ ለራሱ ማዕረግ ሰጥቶ የክብር ወንበር ለሚሻ ሰው ነው። አንዳንዶች ከልኩ በላይ ለሚጠይቅ ለማንኛውም እንግዳ ይጠቀሙበታል፤ ይህ ግን ነገሩን ያሳሳዋል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ጅቡ የጠየቀው ከመጠን ያለፈ ነገር አይደለም፤ ቁርበት ለማንም ይነጠፋል። ነውሩ ጠያቂው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ላይ ነው። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ሲባል የማይታወቀው አገሩ ነው፤ እዚህ ግን የማይታወቀው ጅቡ ራሱ ነው፤ አገሩንማ ሳያጠና አልሄደም።

ለአባባሉ አፈር የሆነው፣ በእኔ ግምት፣ ሁለት ዓይነት ወግ ነው። አንዱ የአያ ጅቦ ተረት ነው፤ እዚያ ጅብ ሆዳምና ሞኝ ስለሆነ ጦጣ ትጫወትበታለች። ሌላው ሰው ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል የሚለው የቡዳ እምነት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በኢትዮጵያ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለባቸው ጅቦች ማየቱን ጽፏል፤ በዘመኑ ወሬ ጉትቻው ቡዳው በሰውነቱ ሳለ ያደረገው ነው። ይህ እምነት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በሐሰት ሲያስወነጅልና ሲያስገልል ስለኖረ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። አባባላችን ግን ሰውን ጅብ አያደርግም፤ ጅቡን በሰው ወግ ያናግረውና ሆዱ እስኪያጋልጠው ይጠብቃል። «በጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው» የሚለውም ሳቁ ከዚሁ የሚመጣ ነው።

ሠዓሊው ይህን ስነግረው፣ ቁርበት አይቶ እንደማያውቅ፣ ከብት ቆዳ የሚያውቀው ከበሮ ላይ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። በማግስቱ አበባውን ፍቆ በምትኩ የአንገቱና የአራቱ እግሮቹ ጫፍ ወደ ውጭ የተዘረጋ፣ ነጭና ጥቁር ቡራቡሬ ቁርበት ሣለ። ጋቢውንና ከዘራውን አልነካም፤ ወደ ቤቱ ባለቤቶች ያይ የነበረውን የጅቡን ዓይን ግን ወደ ቁርበቱ አዞረው፤ ማንም ሳያዘው ደግሞ ከአገጩ ሥር አንዲት የምራቅ ጠብታ ጨመረበት።