ኮድን አሽጎና ስሪት ሰጥቶ ለደንበኛ ማድረስ በደመና መድረኮች ላይ

ኮድን ማሸግ ማለት አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) እና ከመጫኛ ትእዛዞቹ ጋር አጣምሮ ደንበኛው ራሱ ሊያስነሣው በሚችል መልክ ማዘጋጀት ሲሆን፣ ስሪት መስጠት ደግሞ ያ ፓኬጅ ከቀደመውና ከሚከተለው የሚለይበትን ቁጥር መሰየም ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በጎሮ በኩል 200 ሄክታር ገደማ ላይ ባረፈው አይሲቲ ፓርክ የራክሲዮ፣ የዊንጉ አፍሪካና የሬድፎክስ የመረጃ ማዕከላት ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ የከተማዋ ባለሙያዎች ያሸጉትን ሶፍትዌር ከራሳቸው ምድር ለደንበኞቻቸው ማድረስ ችለዋል።

ከኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ለይቶ ከሚያስነሣው ዘዴ) በፊት ከነበረው ታሪክ ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመው ጥቂት ነው። የሊኑክስ ሥርዓት አዘጋጆቹ ዴቢያንና ሬድ ሃት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓኬጆችን የሚጭኑና የሚያሻሽሉ ፓኬጅ አስተዳዳሪዎቻቸውን አበጁ፤ አማዞን በ2006 ሙሉ የማሽን ኢሜጅ (የአንድ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ሙሉ ቅጂ) የሚነሣበትን የኪራይ አገልግሎት ጀመረ፤ በ2012 ደግሞ ሻጮች ኢሜጆቻቸውን የሚያቀርቡበትን ማርኬትፕሌስ ከፈተ።

በስሪት አሰጣጥ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ከኮድ ማከማቻው ድረ-ገጽ ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን-ወርነር የጻፈው ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ የተባለው ባለ ሦስት ቁጥር ደንብ ነው። ዋናው ደንቡም አንድ ጊዜ የተለቀቀ ስሪት ይዘቱ ከቶ እንዳይነካ፣ ማንኛውም ለውጥ በአዲስ ቁጥር እንዲወጣ ያዝዛል። ለምሳሌ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ ላይብረሪ በ1.4.2 በዘመነ ሉቃስ የምትመጣውን ጳጉሜን 6 የሚዘል ቢሆን፣ ጉድለቱ ሲታረም 1.4.3 ይሆናል። የበዓላት ዝርዝር ቢጨመርለት 1.5.0 ይባላል። ወርን በቁጥር ይመልስ የነበረው ፈንክሽን በስም መመለስ ከጀመረ ግን የደንበኛውን ኮድ ስለሚሰብር 2.0.0 መባል አለበት።

ሌሎች ቀንን ስሪት ያደርጋሉ፤ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 የወጣውን የመጀመሪያ ስሪቱን 4.10 (4 ዓመቱን፣ 10 ወሩን ያመለክታል) ያለው በዚህ መንገድ ነው። የትኛው እንደሚሻል ባለሙያዎች አልተስማሙም፤ ሌሎች ኮዶች ለሚደገፉበት ላይብረሪ ግን ባለ ሦስት ቁጥሩ እንደሚመረጥ አያጠራጥርም። በእኛ አገር የቀን ስሪት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፈረንጆች አቆጣጠር 2024.8 ብሎ የለቀቀ ቡድን ቀጣዩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017.1 ቢለው፣ ፓኬጅ አስተዳዳሪው አዲሱን ከአሮጌው ያነሰ አድርጎ ስለሚቆጥረው የደንበኛው ሰርቨር አያሻሽልም። በዴቢያን ፓኬጅ ከቁጥሩ ፊት 1 እና የሁለት ነጥብ ምልክት (1:) ጨምሮ ማለፍ ይቻላል፤ ያ ምልክት ግን ከገባ በኋላ በተከታዮቹ ስሪቶች ሁሉ መቀጠል አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው፣ ኮንቴይነሮችን የሚያዘጋጅና የሚያስነሣ ዶከር የተባለ መሣሪያ የማሸግን ሥራ ከሥሩ ለውጦታል። የኮንቴይነር ኢሜጅ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ የሚነሣበት የታሸገ ፋይል፣ በላይ በላዩ የተደረደሩ ንብርብሮች ስብስብ ነው፤ ደንበኛው ቀድሞ ያወረደውን ንብርብር ዳግመኛ አያወርድም። ስለዚህ በግንባታ ፋይሉ ውስጥ የላይብረሪዎቹ ዝርዝር ቀድሞ ተገልብጦ ከተጫነና የራሱ ኮድ በመጨረሻ ከገባ፣ ኮዱ ብቻ ሲለወጥ የሚወርደው የመጨረሻዋ ቀጭን ንብርብር ትሆናለች። የኢንተርኔት ፍጥነት በሚዋዥቅበት አካባቢ የዚህ ቅደም ተከተል ጥቅም ትልቅ ነው።

በኢሜጅ ላይ የሚለጠፈው ታግ (የስሪት ስያሜ) ግን ዋስትና አይሰጥም፤ ትናንት 1.4.3 ወይም ሌተስት (የቅርብ ጊዜው) ተብሎ የተጫነው ስም ዛሬ ወደ ሌላ ይዘት ሊዞር ይችላል። የማይለወጠው ከይዘቱ ሻ-256 በተባለ የስሌት ስልት የሚገኘው ዳይጀስት (የይዘቱ አሻራ) ስለሆነ፣ ለደንበኛ በሚላክ የሥርጭት ሰነድ ላይ ከታጉ ጎን ዳይጀስቱም መጻፍ ይኖርበታል።

የዶከር ኢሜጆች የሕዝብ ማከማቻ የሆነው ዶከር ሃብ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ያለ መለያ በሚያወርዱ ላይ በኢንተርኔት አድራሻ የሚቆጠር ገደብ መጣል ጀመረ። ብዙ ሠራተኞች በአንድ አድራሻ ለሚወጡበት መሥሪያ ቤት ገደቡ ቶሎ ስለሚሞላ፣ እንደ ሃርበር ያለ ሶፍትዌር ተጠቅሞ የራስ ሬጂስትሪ (የኢሜጅ ማከማቻ) በአገር ውስጥ መረጃ ማዕከል ማቆም ተገቢ መፍትሔ ነው። በአገር ውስጥ ለማቆም ምክንያት ተደርጎ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይጠቀሳል፤ አዋጁ የሚመለከተው ግን የሰዎችን ዳታ እንጂ የፕሮግራሙን ፓኬጅ አይደለም።

ኔትወርኩ ከኢንተርኔት ለተነጠለ ደንበኛ፣ ለምሳሌ ለባንክ፣ ኢሜጁ በዶከር ሴቭ ትእዛዝ ወደ አንድ ፋይል ተቀይሮ በዲስክ ይወሰዳል። ላኪው የፋይሉን አሻራ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በተፈረመ ደብዳቤ ይልካል። የተቀባዩ ባለሙያ አሻራውን ራሱ አስልቶ ካመሳከረ በኋላ ኢሜጁን ወደ ውስጥ ሬጂስትሪው ያስገባል፤ አዲሱ ስሪት ችግር ቢያሳይ መመለስ እንዲቻልም የቀድሞውን ሳይሰርዝ ያቆያል።