«ቤቱ የእኔ አይደል?»፦ ስለ ቤት ኪራይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሰሞን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ተከራይታ የምትኖር ጓደኛዬ የኪራይ ውሏን አሳየችኝ። ከልጇ ደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው። ዋጋው ሁለት ጊዜ ተሰርዞ በሌላ እስክሪፕቶ ተጽፎበታል። የፈረሙት አከራይዋ ብቻ ናቸው። «እትዬ እኮ እንደ እናቴ ናቸው፣ በቃል ተስማምተናል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደግ ሴት ናቸው። ግን ነገ እትዬ ቢታመሙና ቤቱን ልጃቸው ቢረከበው፣ ያ ወረቀት ምን ያደርግላታል?

ይህ ነገር ስላሳሰበኝ፣ እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ በየዕለቱ የምሰማቸውን አንዳንድ አባባሎች ላንሳ።

«አዋጁ ከወጣ ቆይቷል፤ እዚህም ይሠራል።»

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ግን በወጣ ማግስት በሁሉም ከተማ ሥራ ላይ ይውላል ማለት አይደለም። በክልሎች አዋጁ የሚተገበርባቸውን ከተሞች የሚወስነው ክልሉ ነው። ስለዚህ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ከተማችን አዋጁ ከሚተገበርባቸው ውስጥ ገብታለች? ውል የሚመዘገበውስ የት ነው?

«ቤቱ የእኔ ነው፤ ስፈልግ አስወጣለሁ።»

ቤቱ የእርስዎ መሆኑን የሚክድ የለም። ግን በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። ተከራዩ ኪራይ ካልከፈለ ወይም ቤቱን ላልተዋዋለበት ሥራ ካዋለው ውሉን ማቋረጥ ይቻላል። «ልጄ ከዐረብ አገር ልትመጣ ነው» ብሎ አስወጥቶ፣ በሳምንቱ ለሌላ ሰው ዋጋ ጨምሮ ማከራየት ግን ሌላ ነገር ነው። በእኔም ደርሷል። ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ የወጣሁበት ክረምት እስካሁን አይረሳኝም።

ዋጋም ቢሆን በዘፈቀደ አይጨመርም። በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል እስከ ሰኔ 30 በሚያሳውቀው መጠን ነው።

«የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልክ ቤት አታገኝም።»

ደላላ እንዲህ ይላል። አዋጁ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። ኪራይም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል። እባካችሁ፣ አከራያችሁ ዘመድ ቢሆኑ እንኳ በእጅ አትስጡ። የባንክ ደረሰኝ ነገ ለሁለታችሁም ምስክር ነው።

«አከራይ ሁሉ ሀብታም ነው።»

አይደለም። ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አከራይተው መድኃኒታቸውን የሚገዙ ጡረተኞች በየሰፈራችን አሉ።

«የኪራይ ዋጋ ከተገታ የቤት ችግር ይፈታል።»

ተከራይ ነኝ፤ ቁጥጥሩን እደግፋለሁ። ግን ቁጥጥር ብቻውን አንድ ክፍል ቤት አይሠራም። ይህን ከታሪካችን እናውቀዋለን። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ኪራይም ተቀነሰ። ብዙ ድሃ ያኔ እፎይ ብሏል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን ለኪራይ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። ከቀበሌ ቤቶች የሚሰበሰበው ኪራይም ለጥገና አልበቃም። አራዳ አካባቢ የዛገ ቆርቆሮ፣ ጭቃው የረገፈ ግድግዳ የምታዩት በአብዛኛው ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው።

ደሴ ደግሞ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መሀል የተጣበቀች ከተማ ናት። ሜዳ የላትም፤ ተዳፋቱ ላይ መሥራት ወጪው ከባድ ነው፣ መሬት መንሸራተትም አለ። ኮምቦልቻ ሜዳው ቢኖራትም፣ በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ሠራተኛው የሚያድርበት ቤት አብሮ አልተሠራም። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ክፍሏን አይቻለሁ። ሦስት ሆነው ሁለት ፍራሽ ይጋራሉ፤ የሌሊት ፈረቃ የገባችው ስትመለስ፣ የቀን ፈረቃዋ ትነሳላታለች። ለእነዚህ ልጆች ዋጋ መገደብ ያስፈልጋል። ግን ለቤት ማህበራት ቦታ በጊዜው መስጠት፣ በተሰጠውም ቦታ መንገድ፣ ውሃና መብራት ማድረስ የግድ ነው። ካርታ ይዞ ዓመታት የሚጠብቅ ማህበርተኛ ያው ተከራይ ሆኖ ከእነሱ ጋር ቤት ይሻማል።

ጓደኛዬ ትናንት ደወለችልኝ። እትዬ ጋ ቡና ላይ ተቀምጠው ውሉን እንደ አዲስ ጽፈውታል፣ በሦስት ቅጂ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብለው ካነበቡ በኋላ፣ «የቆጣሪውንም ነገር ጻፊው እንጂ፣ መብራት በየወሩ እያጨቃጨቀን» አሏት።