በክሪኬት ተጫዋች ማፈራረቅ ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ማፈራረቅን በጨዋታ መሃል ከሚደረግ ቅያሪ ጋር ያምታታዋል። ማፈራረቅ ጤነኛና ብቁ ተጫዋችን ከአንድ ግጥሚያ አሳርፎ ለቀጣዩ ማቆየት ነው። በአገሮች መካከል በሚደረግ ግጥሚያ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላማ፣ በጭንቅላት ጉዳት ካልሆነ በቀር፣ ተቀያሪው ሜዳ ላይ ኳስ ይይዛል እንጂ መምታትም መወርወርም አይፈቀድለትም።

የማፈራረቅ ዋናው ተጠቃሚ ፈጣን ወርዋሪ፣ ማለትም ኳሱን በኃይል ወደ መቺው የሚወረውረው ተጫዋች ነው። ቴስት የሚባለው ረጅሙ የአገሮች ግጥሚያ እስከ 5 ቀን ይዘልቃል፤ በቀን 90 ኦቨር (የውርወራ ዙር)፣ በኦቨር 6 ኳስ ይወረወራል። በእያንዳንዱ ውርወራ የወርዋሪው የፊት እግር መሬት ሲመታ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ጫና ያርፍበታል፤ ወገቡም ይጠማዘዛል። ጫናው ሲደራረብ የታችኛው ጀርባ አጥንት ይሰነጠቃል፤ ለማገገም ወራት ይፈጃል። ዕረፍትም ጣጣ አለው፦ ያረፈው ሰው በልምምድ የኦቨር ቁጥሩን ቀስ በቀስ ካላሳደገ ሲመለስ ይጎዳል።

መቺን፣ ማለትም ኳሱን በዱላ የሚመታውን ተጫዋች፣ ማፈራረቅ ግን እምብዛም አያዋጣም፤ ዐይኑና የእግር አጣጣሉ የሚስተካከሉት በተከታታይ ሲጫወት ነው።

እንግሊዝ በ2021 እ.ኤ.አ. የተከታታይ ቴስቶቹን የመጀመሪያ በሕንድ ከተማ ቼናይ ሕንድን አሸንፋ ለሁለተኛው ፈጣን ወርዋሪዋን ጀምስ አንደርሰንን አሳረፈች። ሁለተኛውን በ317 ራን (ነጥብ) ልዩነት፣ ተከታታይ ቴስቶቹን በጠቅላላ 3 ለ 1 ተሸነፈች። ጥፋቱን ሁሉ በማፈራረቁ ላይ መጫን ግን ስህተት ነው፤ ሜዳው ለሚሽከረከር ኳስ እጅግ የተመቸ ነበር።