ወባ የምታስይዘው የትኛዋ ትንኝ ናት?

ብዙ ሰው ትንኝ ከነከሰችው ወባ የያዘው ይመስለዋል፣ ግን እንደዛ አይደለም። ወንዱ ጭራሽ ደም አይጠጣም፣ የአበባ ፈሳሽ ነው የሚመጠው። ሴቷም ደም የምትፈልገው እንቁላሏን ለማሳደግ ነው፣ ጠጥታ ሁለት ሦስት ቀን ግድግዳ ምናምን ላይ ታርፋለች፣ ከዛ ውሃ ላይ ትጥልና እንደገና ሰው ፍለጋ ትወጣለች። ደግሞ አኖፌለስ የምትባለዋ ካልሆነች ወባ አታስተላልፍም። እሷም በሽተኛ ነክሳ ወዲያው ጎረቤቱን ብትነክስ አታስይዘውም፣ ምክንያቱም ተውሳኩ ሆዷ ውስጥ አድጎ ምራቋ ጋ እስኪደርስ 10 ቀን ገደማ ወይ ከዛ በላይ ይፈጃል፣ ብርድ ከሆነማ በጣም ይዘገያል፣ ደጋ ላይ ወባ የሚያንሰው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚህ አደገኛዋ ብዙ ቀን የኖረችው ናት፣ የአጎበሩ መድኃኒትም ትልቁ ጥቅሙ እዛ ዕድሜ ሳትደርስ መግደሉ ነው፣ እባካችሁ መጋረጃ አታድርጉት!

ከተማ ያላችሁም አትዘናጉ። እነ ድሬዳዋ የገባችው ስቴፈንሳይ የምትባለዋ አኖፌለስ ረግረግ አትጠብቅም፣ ሮቶና በርሜል ውስጥ ትራባለች። ከእንቁላል ክንፍ እስክታወጣ በሙቀት ቦታ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል፣ እና ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ ዝጉ፣ ትንንሹን ዕቃ ደግሞ በየሳምንቱ ደፍታችሁ ውስጡን ፈትጉት።