ቪዲዮ ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ለምን ይጨናነቃል?

ፊልም ሲከፍቱ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ መጮህ ከጀመረ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ዲኮዲንግ፣ ማለትም የታጨቀውን ቪዲዮ የመፍታት ሥራ ነው።

የቪዲዮ ፋይል ታጭቆ የተቀመጠ ነው። ማጫወቻው በየሰከንዱ 24 ወይም 30፣ አንዳንዴም 60 ምስል እየፈታ ማቅረብ አለበት። ፎርኬ (4K) በሚባለው ከፍተኛ ጥራት አንድ ምስል ብቻውን ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው። ይህን ሥራ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያለ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ክፍል ሲሠራው ሃርድዌር ዲኮዲንግ ይባላል። ፕሮሰሰሩም ያርፋል። ሶፍትዌር ዲኮዲንግ ከሆነ ግን ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ታዲያ አንዱ ፋይል ያለችግር እየሄደ ሌላው ለምን ይንቀራፈፋል? ዋናው ነገር ኮዴኩ፣ ማለትም ቪዲዮው የታጨቀበትና የሚፈታበት ዘዴ ነው። ኤች.264 በ2003 የወጣ ስለሆነ ያረጁ ማሽኖችም ያውቁታል። ኤቪ1 ግን የ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ግራፊክስ ካርድ አይፈታውም። የፋይሉ ማነስም አያታልልዎ። አዲሶቹ ኮዴኮች ፋይሉን የሚያሳንሱት ስሌቱን በማክበድ ነው።

ቪኤልሲ (VLC) የተባለውን ማጫወቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ማስተካከያው ውስጥ የኮዴክ ክፍሉን ከፍተው የሃርድዌር ዲኮዲንጉን አውቶማቲክ ያድርጉት። ካርዱ ኮዴኩን ጭራሽ ካላወቀው ግን ይህ ምንም አይፈይድም። ያኔ ከፎርኬ ባነሰ ጥራት፣ በ1080ፒ፣ ወይም በኤች.264 የተዘጋጀ ቅጂ መፈለግ ይሻላል።

ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየው የፐርሰንት ነገርም ያደናግራል። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር 100% ሲል ሁሉም ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት የሥራ ክፍሎች) ተይዘዋል ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ቶፕ የሚባለው ፕሮግራም ግን በተለምዶ 100% የሚለው አንድ ኮር ሲሞላ ነው። ስለዚህ እዚያ 150% ቢያዩ አይደንግጡ፤ አንድ ኮር ተኩል ገደማ እየሠራ ነው።