የውሻና የድመት ክትባትና ቀለብ በኢትዮጵያ ከተሞች

በኢትዮጵያ ከተሞች ውሻ በአብዛኛው የግቢ ዘበኛ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ ተለቅቆ አጥሩን ሲዞር ያድራል፤ በሩ ገርበብ ብሎ ካገኘም ሰፈሩን ያዳርሳል። ድመት ደግሞ አይጥ እስካራቀች ድረስ ስለ ቀለቧ የሚጨነቅላት ብዙ የለም። ሁለቱም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት፣ ከቀረቡ፣ ሲታመሙ ነው። ችግሩ ለሞት የሚያበቋቸው በሽታዎች አብዛኞቹ አንዴ ከያዙ በኋላ ሕክምናቸው ውድና አድካሚ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሌለ መሆኑ ነው። አስቀድሞ ለተዘጋጀ ባለቤት ግን ጥቂት መርፌ፣ ጥቂት ኪኒንና ድስት ውስጥ ለሚገባው ነገር ትንሽ ጥንቃቄ ይበቃሉ። ከእነዚህ በሽታዎች ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ከውሻው አልፈው የቤቱን ልጆች ስለሚነኩ፣ ወጪው የቅንጦት ነው የሚለው የተለመደ አባባል ብዙም አያስኬድም።

የእብድ ውሻ በሽታ

ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። ቫይረሱ ከበሽተኛው እንስሳ ለሃጭ በንክሻ ይገባና ነርቭን ተከትሎ ወደ አንጎል ያመራል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ሞቱ በአብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ሲሆን፣ ከሟቾቹ ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ሰው በሽታውን የሚይዘው ከመቶ 99ኙን ጊዜ ከውሻ ነው።

ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን የሰው ክትባት እ.ኤ.አ. በ1885 ከሞከረ ወዲህ ስሙ በብዙ አገር ከዚህ በሽታ ጋር ተያይዟል። በአዲስ አበባም የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቀድሞ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል ነበር፤ ሰፈሩ አሁንም ፓስተር ነው። ለረጅም ዘመን እዚህ አገር ይሰጥ የነበረው ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ሲሆን፣ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ውሻ ሲያዩ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው ያ መርፌ ነው። አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፤ የመርፌው ብዛትም አራት ወይም አምስት ቢሆን ነው።

ለውሻው የሚሰጠው ክትባት ግን ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው አንድ ጊዜ ይወጋል፤ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። አንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መዛመቻ ያጣል። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መጨረስ በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ዘዴ ነው፤ በሽታውን ግን አላጠፋም። የሞቱትን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጡና ያልተከተቡ ውሾች ወዲያው ይይዙታል። የተከተበ ውሻ ሲገደል ደግሞ ክትባቱም አብሮ ይባክናል።

ውሻ የነከሰው ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው። አጭር ይመስላል እንጂ ሲያጥቡ 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ብዙ ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይተዋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። ቁስሉ ላይ በርበሬ፣ ቡና ወይም ቅጠል መነስነስ አይጠቅምም፤ የባህል መድኃኒት ሲሞክሩ የሚያልፉት ቀናትም ኋላ አይመለሱም። ነካሹን ውሻ ተሯሩጦ መግደል ደግሞ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ታስሮ ለ10 ቀን ክትትል ይደረግበት፤ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ቀን በለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው።

የውሻ ክትባት የሚጠብቀው ሰውን ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ለአቅመ ልደት የደረሰው ቁጥሩ በዓለም ከ500 በታች ነው፤ ከእረኞች ውሾች የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንስቶ ደጋግሞ መንጋውን መትቶታል። ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታም እንዲሁ። ለዚህ ነው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በባሌ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ውሾችን ሲከትብ የኖረው።

የቡችላ ክትባት

ቡችላ ገዝቶ ወይም ከጎረቤት ተቀብሎ በሳምንቱ መቅበር በከተማ የተለመደ ሐዘን ነው። ገዳዩ ብዙውን ጊዜ ፓርቮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ታይቶ በጥቂት ዓመታት ዓለምን ያዳረሰ ቫይረስ። ትናንት ሲቦርቅ የነበረው ቡችላ ጥግ ይዞ ይተኛል፤ ምግቡን አሽትቶ ይተወዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ ደም የተቀላቀለበት፣ ሽታው ከበር የሚቀበል ተቅማጥ ይጀምረዋል። የሚገድለው በዋናነት የፈሳሽ እጥረትና የተጎዳውን አንጀት አልፎ ወደ ደም የሚገባ ባክቴሪያ ነው። ሕክምናው ለቀናት ግሉኮስ ማንጠልጠልን ይጠይቃል።

ክትባቱ የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ነው፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተደገመም ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው ይቀጥላል። «አንዴ ተከትቧል» ብሎ ማቆም የብዙ ቡችላ መሞቻ የሆነበት ምክንያት አለው። ቡችላው ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱንም ይዋጋዋል፤ ያ መከላከያ ደግሞ አንዱ ጋ በስምንተኛው፣ ሌላው ጋ በ14ኛው ሳምንት ነው የሚያልቀው። መቼ እንዳለቀ በዓይን ስለማይታወቅ መርፌው ይደጋገማል። መርፌው እስኪያልቅ ቡችላውን መንገድ ላይ መልቀቅ አይገባም።

ፓርቮ የሞተበት ግቢ አዲስ ቡችላ ለማስገባት የሚቸኩሉበት አይደለም። ቫይረሱ አፈር ላይ ከወራት እስከ ዓመት ይቆያል፤ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል፦ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ፣ ቆሻሻው አስቀድሞ ተጠርጎና ታጥቦ ከሆነ ብቻ።

በዚያው መርፌ ውስጥ የዲስቴምፐርና የጉበት ቫይረስ ክትባት ይኖራል፤ አይጥ በሚበዛበት ሰፈር በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስም ይታከላል። ድመቶች የራሳቸው የተለየ ክትባት አላቸው።

ክትባት ሁሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐኪሙን «ፍሪጁ መብራት ሲጠፋ በምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ብልቃጡ ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት በክትባት ደብተሩ ላይ እንዲለጠፍም መጠየቅ ተገቢ ነው።

የበዓል ዕርድና ትል

በፋሲካ፣ በመስቀል፣ በእንቁጣጣሽ ወይም በዐረፋ ማለዳ በጉ ግቢ ውስጥ ሲታረድ ውሻው ከሁሉም ቀድሞ ቦታውን ይይዛል። ሆድ ዕቃው ሲገለበጥ አራጁ ጉበቱን አገላብጦ ያያል። ነጭ፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ ካጋጠመው «ይህ አይበላም» ብሎ ይቆርጥና ለውሻ ይወረውራል። ከበዓሉ ሥራ ሁሉ ይህች አንዲት ውርወራ በጣም አደገኛዋ ናት። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የኤኪኖኮከስ እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሚሊሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። በሺዎች የሚቆጠር ትል ተሸክሞም ውሻው ምንም ሳይታይበት ይውላል ያድራል። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ እንቁላሉ ከአይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ጸጉሩ ላይ፣ አትክልቱ ላይ፣ የልጆች እጅ ላይ ይገኛል። ሰው ሲውጠው በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ በጉ ላይ የታየው ዓይነት ከረጢት ይበቅልበታል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ አድጎ በቀዶ ሕክምና እስከ ማስወጣት ያደርሳል። ጥሬ ሥጋ ከሚያመጣው ኮሶ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ መንገዱ ሌላ ነው። ይህኛው ጥሬ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሰውንም ይይዛል።

ስለዚህ ከረጢት ያለበት ዕቃ ይቃጠላል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል። ደኅና የሚመስለውም ቢሆን ለውሻ የሚሰጠው ግማሽ ሰዓት ከፈላ በኋላ ነው። ትሉን የሚገድለው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው አልቤንዳዞል ብቻውን ለዚህ ትል አያስተማምንም።

ቡችላን የሚያሳብጠው ሌላው ትል ቶክሶካራ ነው። ከእናቱ ማሕፀን ሳለ ስለሚተላለፍ ቡችላው ሲወለድ ጀምሮ ይዞት ይገኛል ማለት ይቻላል። የትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንት ሳምንት፣ ከዚያ በየወሩ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል። እንቁላሉን የዋጡ ሕፃናት ላይ እጩ ዓይን ውስጥ ገብቶ እይታ ሊጎዳ ይችላል።

መዥገርና ቁንጫን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ማንሳት ይበቃል፦ ለከብት የተዘጋጀ መርጫ በግምት በጥብጦ ውሻ ማጠብ ውሻውን ሊመርዘው ይችላል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ደግሞ ድመት ላይ ከፈሰሰ ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታልም።

ቀለብ

የከተማ ውሻ ቀለብ ትርፍራፊ ነው፤ የእንጀራ ቁራሽ፣ የወጥ ጥራጊ፣ አጥንት። እንጀራው ራሱ ክፉ አይደለም። ውሻ ከሰው ጋር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት ስታርች የመፍጨት አቅሙ እንደጨመረ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ጠንቁ ያለው እንጀራው ላይ የፈሰሰው ወጥ ላይ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም፣ ቢቁላሉም፣ በዱቄት መልክ ቢሆኑም ያው ናቸው። ለውሻ በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት፣ ለድመት 5 ግራም ያህል ለጉዳት ይበቃል። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በ20 ግራም ትታመማለች ማለት ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚወጣው የሚያውቅ ሰው ከድስቱ ሥር የቀረው ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ምልክቱም ወዲያው አይመጣም፤ ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ያን ጊዜ ወጡን የሚያስታውስ የለም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብም ከውሻ የሚርቁ ናቸው።

ውጭ አገር የተሠራ ደረቅ ምግብ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ይገኛል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤት አይቀመስም። ርካሹ መንገድ ከልኳንዳ የሚገዛ ቁርጥራጭ ሥጋ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር፣ ካሮት ጣል አድርጎ፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬና ያለ ሽንኩርት መቀቀል ነው። ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ ካልሲየም ስለሚያንሰው እግሩ ይቆለመማል፤ ጥቂት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጉድለቱን ያቃልላል። ቡችላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ያደገ ውሻ ሁለት ጊዜ ይበላል። መጥገቡን ከሳህኑ ይልቅ ጎድኑን መዳሰስ ይሻላል፦ የጎድን አጥንቱ ለእጅ መሰማት አለበት፣ ከሩቅ ግን መቆጠር የለበትም።

ድመት ሌላ ፍጥረት ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። እጥረቱ ዓይኗን እንደሚያጠፋ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ልቧንም አስፍቶ እንደሚገድላት እ.ኤ.አ. በ1987 ተረጋገጠ። በሁዳዴ 55 ቀን ቤቱ ሥጋ አይገባውም፣ ሰፈሩ ልኳንዳም ይዘጋል፤ ውሻው በሽሮ ፍትፍት ያለ ብዙ ጉዳት ሊያልፈው ይችል ይሆናል። ድመት ግን ጾም የላትም። ከቅበላ በፊት የተቀቀለ የበሬ ልብ ቆራርጦ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ለዚህ ያገለግላል፤ ልብ ታውሪን የበዛበት የሥጋ ክፍል ነው። ወተት ደግሞ ለትልልቅ ድመቶች የሚታሰበውን ያህል አይስማማም፣ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

ሐኪሙና ተቋሙ

የኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና የተገነባው በከብት ዙሪያ ነው፤ በአፍሪካ ትልቁን የቀንድ ከብት ሀብት ለያዘች አገር ይህ አያስገርምም። ቢሾፍቱ ላይ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ክትባት ያመርታል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው፣ በ1979 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ። ውሻና ድመት ላይ ያተኮሩ የግል ክሊኒኮች በዋናነት በአዲስ አበባ አሉ። ከእነሱ ጋር ለመተዋወቅ ጥሩው ሰበብ ማኮላሸት ነው፤ ወንዱ ከግቢ መጥፋቱን ይቀንሳል፣ ሴቷም ከማይፈለግ ግልገልና በዕድሜ ከሚመጣው የማሕፀን መመርቀዝ ትድናለች።

ውሻውን ይዞ ወደ ውጭ ለመውጣት የሚያስብ ቤተሰብ ሌላ ስሌት አለው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለማስገባት መለያ ቺፕ መቀበር፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት መሰጠት፣ ከ30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ኅብረቱ በተቀበለው ላቦራቶሪ መመርመር፣ በደሙ ውስጥ የተገኘው መከላከያ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን፣ ደሙ ከተወሰደ በኋላም ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። አሜሪካ ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከስድስት ወር ያነሰ ውሻ አታስገባም፤ ኢትዮጵያ በሽታው ከሚያሰጋባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች አሜሪካ ቺፕና የክትባት ማረጋገጫ ትጠይቃለች፤ የደም ምርመራ ውጤት የሌለው ደግሞ 28 ቀን ተለይቶ ይቆያል። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ካልገባ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የቪዛው ቀጠሮ ሳይደርስ ውሻው ቢጀምር ይሻላል።